የፒያሳ መንገድ በአንጎል ውስጥ

አራዳ ያደገ ሰው መንገድ ሲጠየቅ የጎዳና ቍጥር አይጠራም። «ከጊዮርጊስ ወረድ ብለህ፣ የራስ መኰንንን ድልድይ ሳትሻገር» ይላል እንጂ። ይህ አነጋገር ለፖስተኛ ያስቸግር ይሆናል፤ አንጎል ግን መንገድ የሚይዘው በዚሁ ዐይነት ነው። በጆሮ ትይዩ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በግራና በቀኝ፣ ሂፖካምፐስ የሚባል ክፍል አለ፤ ቦታን ከቦታ፣ ትዝታን ከትዝታ የሚያያይዘው እርሱ ነው።

እንግዲህ በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና ሌሎችም የፒያሳ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ከተማው ዳር ተዛወሩ። ስለ ቤቱና ስለ ካሣው ብዙ ተብሏል። ይዘውት ስለ ሄዱት አንጎል ግን እምብዛም አልተነገረም። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ሕዋስ ምን አገባው የሚል ጓደኛ ቢኖር፣ መንገድ የጠፋበት ሰው ታሪክ ከሆሜር ጀምሮ የእኛው ፋኩልቲ ነው ብዬ እመልስለታለሁ።

ነገሩ በደንብ የተመረመረው በለንደን ታክሲ ነጂዎች ላይ ነው። (የውጭውን ዓመት በእነርሱው አቈጣጠር እጽፋለሁ።) በዚያች ከተማ የጥቁር ታክሲ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው ወደ 25,000 የሚጠጉ መንገዶችን በቃሉ ማጥናት አለበት፤ ይህም ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። በ2000 ኤሌኖር ማግዋየርና ባልደረቦችዋ የነጂዎቹን አንጎል በማግኔት መሣሪያ ቢያነሡ፣ የሂፖካምፐሳቸው የኋለኛው ክፍል ከሌላው ሰው ሰፍቶ ተገኘ። ሲፈጠሩም እንዲያው ቢሆኑስ? የሚል ተከራካሪ አልጠፋም። ስለዚህ 79 ሰዎችን ገና ጥናት ሲጀምሩ አንሥተው ተከታተሉ። ውጤቱ በ2011 ሲወጣ፣ ፈተናውን ባለፉት 39 ሰዎች ክፍሉ አድጎ ነበር፤ በወደቁት ግን አላደገም። ማጥናት ሥጋን ይለውጣል ማለት ነው።

ያደገው ምኑ ነው? ሥዕሉ ይህን አይለይም። የነባሮቹ ነርቮች ቅርንጫፍና መገናኛ በዝቶ ሊሆን ይችላል። ሌላም መንገድ አለ፤ ይኸውም ስቴም ሴል፣ በአማርኛችን ግንድ ሕዋስ፣ የሚባለው ነው። ራሱን እያባዛ ሌላ ዐይነት ሕዋስ የሚወልድ ማለት ነው። ጆሴፍ አልትማን በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአይጥ አንጎል ውስጥ አዲስ ነርቭ እንደሚወለድ ሲጽፍ ብዙ ሰው አላመነውም። በ1998 በሰው ላይ ታየ። በ2013 የስቶክሆልም ተመራማሪዎች፣ ከአቶም ቦምብ ሙከራ በአየር ላይ የተረፈውን ካርቦን 14 እንደ ልደት ማስረጃ ተጠቅመው፣ በያንዳንዱ ወገን በቀን 700 ያህል ነርቭ እንደሚጨመር ገመቱ። በ2018 ሌሎች «በአዋቂ ሰው ላይ አላየንም» አሉ፤ በ2025 ደግሞ የስቶክሆልሞቹ የሚባዙትን ሕዋሳት በአዋቂዎች ላይ አገኘን ብለው መለሱ። ክርክሩ አልተዘጋም። እኔ ወደ ስቶክሆልሞቹ አደላለሁ።

አዲስ ነርቭ ግን በነፃ አይገኝም። አንጎል ከሰውነት ክብደት ከመቶ ሁለት እጅ ሆኖ ሳለ፣ ከኃይሉ ከመቶ ሃያውን ይበላል። በአይጥ እንደ ታየው፣ ግንድ ሕዋሱ ተኝቶ ሳለ በቁጠባ ይኖራል፤ ነርቭ ለመሆን ሲነሣ ግን የሕዋስ ኃይል ማመንጫ የሆኑትን ሚቶኮንድሪያ ማብዛት አለበት። ማመንጫው ከደከመ ሕፃኑ ነርቭ ይቀጫል። ምግብ ብቻውንም አይበቃም፤ ከተወለዱት ብዙዎቹ በሳምንታት ውስጥ ይሞታሉ፤ አዲስ ነገር በሚማር አይጥ ዘንድ ግን የሚተርፉት ይበዛሉ። በሚሮጥ አይጥ ደግሞ የሚወለዱትም ይበዛሉ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ተማሪ እዚህ ላይ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ነገር ግን ስኳሩ ሲያንስ ጉበት ከስብ ኬቶን የሚባል ነዳጅ ይሠራል፤ አንጎልም እንደሚያነደው ጆርጅ ኬሂልና ባልደረቦቹ በ1967 ለሳምንታት ባልበሉ ሰዎች ላይ አሳይተዋል። ማታ ማዕድ የሚጠብቀው ጾመኛና የሚበላው ያጣ ሰው ግን አንድ አይደሉም።

አሁን ከአራዳ የሄዱትን አንድ አዛውንት እናስብ። ስልሳ ዓመት በእግራቸው ያጠኑት ካርታ አለ፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ቡና ቤቱ፣ የእድሩ ድንኳን። የገቡበት ኮንዶሚኒየም ግን ብሎኩ ሁሉ መንታ ነው። በአይጥ እንደ ተደረሰበት፣ የሚመሳሰሉ ቦታዎችን ለመለየት በተለይ የሚረዱት እነዚሁ አዲሶቹ ነርቮች ናቸው፤ እነርሱም በእርጅና እያነሱ ይሄዳሉ። የሰውም እንዲሁ ከሆነ፣ ከባዱን ፈተና የሰጠናቸው አቅማቸው ባነሰበት ዕድሜ ነው። በየብሎኩ ፊት ቍጥር ከመለጠፍ ጋራ የተለየ ቀለም ወይም ዛፍ ቢኖር ምን ያህል ባገዘ!

ልጆች ግን «አባባ ጃጁ» ብለው በር ይዘጉባቸዋል። በር መዝጋት እግርንም ትምህርትንም መከልከል ነው። ቁርስ አብልቶ፣ አብሮ እየሄዱ፣ እስከ ሱቁ ድረስ መንገዱን እርሳቸው እንዲመሩ መተው ይሻላል፤ ወራት ቢፈጅም። ስልሳ ዓመት በኖሩበት በራስ መኰንን ድልድይ ላይ ቆመው መንገድ ከጠፋባቸው ግን፣ ያ ሌላ ነገር ነውና ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይወሰዱ።