ሁሉም ያውቃል፤ ግን ማን ተናገረ?

ከጎባ ወደ ሮቤ በሚኒባስ ስመለስ ነው። ሾፌሩ ይበርራል። ሁላችንም ፈርተናል፤ ሁላችንም ዝም ብለናል። እኔም «ሌላው ምንም ሳይመስለው እኔ ብቻ ፈሪ ልባል?» እያልኩ የፊቴን ወንበር ጨብጫለሁ። በዚህ መሃል አንዲት እናት «ኧረ ልጄ ቀስ በል! ልትጨርሰን ነው እንዴ?» አሉ። ከዚያማ ከየወንበሩ ጩኸት ሆነ፤ ሾፌሩም ፍጥነቱን ቀነሰ።

ውድ ተማሪዎች፣ እናታችን አዲስ ነገር አልነገሩንም። መኪናው መፍጠኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ያላወቅነው ሌላውም ሰው መፍራቱን ነው። በማህበራዊ ሳይንስ «የጋራ ዕውቀት» የሚባለው ይሄ ነው። እኔ አውቃለሁ፤ አንቺም ታውቂያለሽ፤ እንደምታውቂ አውቃለሁ፤ እንደማውቅም ታውቂያለሽ። ሲነበብ ያደናግራል፤ ሚኒባሱ ውስጥ ግን ማንም አልተደናገረም።

ወደ ኤች አይ ቪ ልምጣ። በለቅሶ ቤት «ሳንባ ነው»፣ «ብርድ መትቶት ነው» በሚባልበት ዘመን ለቀስተኛው ነገሩን በልቡ ያውቅ ነበር። ስላልተነገረ ግን ቤተሰቡም ለብቻው፣ ጎረቤቱም ለብቻው ያውቃል። በ1997 ዓ.ም. በእኛ የገና ዋዜማ (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 2005) ኔልሰን ማንዴላ ልጃቸው ማክጋቶ ሲሞት ጋዜጠኞችን ጠርተው የገደለው ኤድስ መሆኑን ተናገሩ። ኤድስ እንደሚገድል አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ማንዴላ ሲናገሩት ግን ሁሉም ሰማ፤ ሌላው መስማቱንም አወቀ።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ! ማንዴላ የተናገሩት የገዛ ቤታቸውን ሐዘን ነው። የጓደኛን የምርመራ ውጤት ማሰራጨት ሐሜት እንጂ ሌላ ስም የለውም። የጋራ ዕውቀት መሆን ያለበት ለምሳሌ ይሄ ነው፦ መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የወረደለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። አብሮ ዴስክ ላይ መቀመጥማ ድሮም አያስተላልፍም።

በአንድ የተማሪዎች ክበብ ስም የሌለበት ወረቀት አድዬ ሁለት ጥያቄ ጠየቅሁ። ቫይረሱ በደሙ ካለ ተማሪ ጋር አብረህ ትቀመጣለህ? ጓደኞችህስ ይቀመጣሉ? አብዛኞቹ «እኔ አዎ፣ እነሱ ግን አይቀመጡም» ብለው ጽፈዋል። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ወደ አሥረኛው ስደርስ ክፍሉ መሳቅ ጀመረ። ከኋላ አንዱ ልጅ፣

«ቆይ፣ እነዚህ ‹እነሱ› የተባሉት ታዲያ የታሉ?» አለ።