የነፍጥ አሠራርና የገላጭ ድርሰት አጻጻፍ

ባለፈው ትምህርት የአንድን ሰው መልክና ጠባይ ስለ መግለጽ ተምረናል። አሁን ደግሞ የአንድን መሣሪያ አሠራር ስለ መግለጽ እንመለከታለን። ለምሳሌነት የመረጥነው ነፍጥን ነው፤ ይኸውም ባሩድና አረር በአፈሙዙ የሚጎርስ፣ በሚጤስ ገመድ እየተለኮሰ የሚተኮስ የጥንት ጠመንጃ ነው። አሠራሩ ቀላል ስለ ሆነ ማንኛውም ተማሪ ሊረዳው ይችላል። በዚህ ላይ መሣሪያው ከአገልግሎት ቢወጣም ቃላቱ ዛሬም በአፋችን አሉ።

በመጀመሪያ የሚከተለውን አንቀጽ አንብቡ።

«ነፍጥ የጥንት መሣሪያ ነው። ብረት አለው። እንጨትም አለው። ቃታ አለው። ባሩድ ይገባበታል። ቀዳዳ አለው። ጀግኖች ይዘውት ይዋጉ ነበር። በጣም የሚያስደንቅ መሣሪያ ነው።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ሐሰት የለም። ሆኖም አንብቦ የጨረሰ ሰው ነፍጥ እንዴት እንደሚተኮስ አያውቅም። «አለው» የሚለው ግስ አራት ጊዜ ተደጋግሟል፤ በዚህም ምክንያት ጽሑፉ የዕቃ ግምጃ ቤት መዝገብ መስሏል። በመጨረሻም ጸሐፊው «በጣም የሚያስደንቅ» ብሎ ራሱ ተደነቀ እንጂ አንባቢው የሚደነቅበትን ነገር አላሳየም።

አሁን ደግሞ ይህን አንብቡ።

«ነፍጥ ከኋላው የተደፈነ ረጅም የብረት ቧንቧ ነው፤ ቧንቧው በእንጨት ላይ ተጋድሞ ይታሰራል። ተኳሹ ነፍጡን አቁሞ በአፈሙዙ በኩል በመጀመሪያ ባሩድ፣ ቀጥሎም አረር ያጎርሰዋል፤ በቀጭን ዘንግ እየገፋም እስከ ታች ድረስ ያወርደዋል። ከቧንቧው ግርጌ በጎን በኩል አንዲት ጠባብ ቀዳዳ አለች። ከቀዳዳዋ አጠገብ፣ እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ባለች ብረት ላይ፣ ጥቂት ደቃቅ ባሩድ ይነሰነሳል። ቃታው ምንም ረቂቅነት የለበትም። እንደ እባብ የተጠማዘዘ አንድ ብረት ሲሆን መካከሉ በችንካር ተይዟል፤ የላይኛው ጫፉም ቀስ እያለ የሚጤስ ገመድ ነክሷል። ተኳሹ የታችኛውን ጫፍ ሲስብ የላይኛው ጎንበስ ይልና የገመዱ ፍም ከባሩዱ ላይ ያርፋል። ባሩዱ ቦግ ይላል፤ እሳቱ በቀዳዳዋ ሾልኮ ይገባል፤ በውስጥ ያለውም ባሩድ ፈንድቶ አረሩን ይወረውረዋል።»

የሁለተኛው አንቀጽ ጸሐፊ ክፍሎቹን አልቆጠረም። መጀመሪያ የተኳሹን እጅ፣ ቀጥሎ የእሳቱን መንገድ ተከተለ፤ እያንዳንዱን ክፍል የጠራውም እጁ ወይም እሳቱ እዚያ በደረሰ ጊዜ ነው። አንባቢው የማያውቀውን ነገር በሚያውቀው በማንኪያና በእባብ መስሎ አሳየው። (አውሮፓውያንም ይህንኑ ጠማማ ብረት የሰየሙት በእባብ ስም ነው።) ግሶቹንም ልብ በሉ። «ያጎርሰዋል»፣ «ያወርደዋል»፣ «ይነሰነሳል» የሚሉት ዘወትር የሚደረገውን ያመለክታሉ። አንድ ቀን የተፈጸመ ነገር ቢተርክ ኖሮ «አጎረሰው»፣ «አወረደው» ይል ነበር። በአንድ አንቀጽ ውስጥ ሁለቱን መቀላቀል በተማሪዎች ድርሰት ላይ ደጋግሞ የሚታይ ጉድለት ነው።

አሁን ወደ ቃላቱ እንለፍ። አማርኛ ጠመንጃን እንደሚበላ ፍጡር ቈጥሮታል። «አፈሙዝ» በሚለው ቃል ውስጥ አፍ አለ። «ጎረሰ» ከሚለው ግስ «አ» የሚለውን ቅጥያ በመጨመር «አጎረሰ» የሚለው አስደራጊ ግስ ይገኛል፤ እንግዳውን የሚያከብር ሰው ያጎርሳል፣ ወታደርም ጠመንጃውን ያጎርሳል። ገመዱ ሲጠፋ ወይም ባሩዱ ሲርስ ነፍጡ ይከሽፋል። ዛሬ «ሴራው ከሸፈ»፣ «ዕቅዱ ከሸፈ» ስንል የምንናገረው በዚሁ ግስ ነው። አጎራረሱ ጊዜ የሚፈጅ አሮጌ ጠመንጃም «ቆመህ ጠብቀኝ» የሚል ስም ወጥቶለታል፤ ቀልዱ የሚገባው ግን የአጎራረሱን ቅደም ተከተል ለሚያውቅ ሰው ነው።

ጠላት ግን ቆሞ አይጠብቅም። በ1533 ዓ.ም. በክርስቶፎሮ ዳ ጋማ የተመሩት 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች በምጽዋ ወደብ በወረዱ ጊዜ እንዲህ ያለው ነፍጥ የዘመኑ ብርቱ መሣሪያ ነበር። ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ከመቅደላ በታች በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ውጊያ ከዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ብዙዎቹ የያዙት አሁንም በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር፤ ባለ ገመድ ነፍጥ የያዙም አልታጡም። የእንግሊዝ ወታደሮች የያዙት ስናድር ግን ከኋላው የሚጎርስ ሲሆን የሠለጠነ ተኳሽ በደቂቃ እስከ 10 ጊዜ ይተኩስበት ነበር። በዚያ ቀን ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሲሞቱ ከእንግሊዞች በቍስላቸው የሞቱት ሁለት ናቸው። የድፍረት ጉድለት አልነበረም፤ ወታደሮቹ ከአምባው ወርደው እየሮጡ ገጥመዋል። ባሩድ አፍስሶ፣ አረር ጨምሮ፣ በዘንግ ገፍቶ እስኪጨርሱ ድረስ ግን በእያንዳንዱ ሰው ላይ ብዙ ጥይት ይተኮስ ነበር።

«ነፍጥ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ የሚነድ ዘይትን ያመለክታል። ከእርሱም «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል ወጥቷል። ይህ ቃል በመጀመሪያ ነፍጥ ያዥ ወታደር ማለት ነበር። አርሲ ከ1874 እስከ 1878 ዓ.ም. በተደረጉት ዘመቻዎች ወደ ምኒልክ ግዛት ሲጠቃለል፣ በጦርና በጋሻ፣ በፈረስም የሚዋጋው የአርሲ ኦሮሞ የገጠመው ጠመንጃ የያዘ ሠራዊት ነበር። ከዘመቻው በኋላ በደቡብ አገሮች የሠፈሩት ወታደሮች በዚሁ ስም ተጠሩ፤ ቃሉም ከመሣሪያው ይልቅ የመሬትንና የገባርነትን ነገር የሚያስታውስ ሆነ። ዛሬም ያከራክራል፤ ሲሰደቡበትም ይሰማል። ስለዚህ በድርሰታችሁ ውስጥ ከተጠቀማችሁበት ስለ የትኛው ዘመንና ስለ ምን እንደምትናገሩ በዚያው ዐረፍተ ነገር ግለጹ። ለአዳማና ለአሰላ ተማሪ፣ በሁለቱ መካከል ለምትገኘው ለደራ ተማሪም፣ ይህ የሰዋስው ጥንቃቄ ብቻ አይደለም፤ ድርሰቱን ቤት ወስዶ ሲያነብ ከሚሰሙት ሽማግሌዎች መካከል ቃሉን ከአባቶቻቸው ታሪክ ጋር የሚያውቁት ይኖራሉ።

መልመጃ

1. የመጀመሪያውን አንቀጽ «አለው» የሚለውን ግስ ከአንድ ጊዜ በላይ ሳትጠቀሙ እንደገና ጻፉት።

2. «ነከሰ»፣ «ዋጠ»፣ «ተፋ» የሚሉት ግሶች ስለ መሣሪያዎች ሲነገር እንዴት እንደሚያገለግሉ በዐረፍተ ነገር አሳዩ። ከእያንዳንዱም አስደራጊ ግስ አውጡ።

3. በአካባቢያችሁ በእጅ ከሚሠሩ መሣሪያዎች አንዱን፣ ለምሳሌ የአንጥረኛውን ወናፍ ወይም ሞፈርና ቀንበርን፣ ሲሠራበት ቆማችሁ ተመልከቱ። የሚሠራበትን ሰው እጅ እየተከተላችሁ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ድርሰት ጻፉ። በየቤቱ ተሰቅሎ የሚገኘውን አሮጌ ጠመንጃ ለዚህ መልመጃ አትምረጡ፤ ሳይተኮስ የቀረ ባሩድ በውስጡ ሊኖር ይችላል።

4. የጻፋችሁትን መሣሪያውን ለማያውቅ ጓደኛ አንብቡለትና የሰማውን በሥዕል እንዲያሳይ ጠይቁት። ሥዕሉ በተሳሳተበት ቦታ የጓደኛችሁን እጅ ሳይሆን የራሳችሁን ዐረፍተ ነገር አርሙ።