ምዕራፍ ሰባት፦ ጳጉሜን 6 የተወለደ ደንበኛ

የሶፍትዌር ቴስቲንግ ሥልጠና የጨረሰ ሰው ሁሉ የሚያነሳው ጥያቄ ነው፦ ልምድ የሌለውን ማን ይቀጥራል? ሳይቀጠሩስ ልምድ ከየት ይመጣል? በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ በሚኖረው ወገናችን ዘንድ ለዚህ የተለመደ መልስ አለ። መልሱም ውሸት ነው።

ሜሪላንድ የምትኖር የማውቃት ሴት ቀን ፓርኪንግ ላይ እየሠራች ቅዳሜና እሑድ ኪው ኤ፣ ማለትም ሶፍትዌር ቴስቲንግ፣ ተማረች። አሠልጣኟ በመጨረሻ ከሰርተፊኬቱ ጋር ሬዙሜም አዘጋጅቶ ሰጣት። ሬዙሜው በአንድ ኢንሹራንስ ኩባንያ አምስት ዓመት እንደሠራች ይናገራል፤ እሷ ግን የኩባንያውን በር እንኳ አታውቀውም። ቃለ መጠይቁን በሸመደደችው መልስ አለፈች፤ ሥራም ጀመረች። ብዙም ሳይቆይ የሥራ ታሪኳ ሲጣራ ጉዱ ወጣ፤ መታወቂያዋን አስረክባ ወጣች። እኔን የሚያሳዝነኝ መባረሯ ብቻ አይደለም። ልጅቷ ጎበዝ ነበረች፤ ዛሬ ግን ማመልከቻ መላክ ራሱ ያስፈራታል። አሠልጣኙ ገንዘቡን ተቀብሎ ወደ ቀጣዩ ዙር አልፏል። የሌላውን ስሕተት ፈልጎ በማውጣት እንጀራ ሊበላ የተነሳ ሰው ሥራውን በሐሰት ወረቀት ሲጀምር ምን ይባላል?

የእኔ መድኃኒት ደብተር ነው። በየቀኑ ስልክዎ ላይ ካሉት መተግበሪያዎች አንዱን ይክፈቱና አንድ ጉድለት ፈልገው ይጻፉ። «አፑ አይሠራም» ማለት እሮሮ እንጂ ሪፖርት አይደለም። የስልኩን ዓይነትና የመተግበሪያውን ቨርዥን፣ ጉድለቱ ጋ ያደረስዎትን እርምጃ በተራ ቁጥር፣ ምን መሆን እንደነበረበት፣ በተግባር የሆነውን ይጻፉ፤ የስክሪኑን ፎቶም ያያይዙ። ዲቨሎፐሩ እርስዎን ሳይጠይቅ ጉድለቱን በራሱ ማሽን ላይ መድገም ከቻለ ጽፈዋል። በሰው አካውንት ግን አይሞክሩ።

የት ልፈልግ ካሉ፣ ዳር ዳሩን። ከ10 እስከ 1000 ብር የሚቀበል ቦታ ላይ 500 አስገብቶ መደሰት ሞኝነት ነው፤ 9ን፣ 10ን፣ 1000ን፣ 1001ን ይሞክሩ። ከዚያ ወደ እኛ ጉድ ይምጡ። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች፤ በ2016 ግን 5 ብቻ። ስለዚህ የልደት ቀን መሙያው ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን መቀበል፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2016ን መከልከል አለበት። «ፀሐይ» ተብሎ የተመዘገበ ስም «ጸሀይ» ብለው ሲፈልጉት ይገኛል? የሳፋሪኮም ደንበኛ በ07 የሚጀምር ቁጥሩን ሲያስገባ «09 ብቻ» ይባላል? ጠዋት 2 ሰዓት የተያዘ ቀጠሮ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ያስታውሳል? ይህን ለማየት እርስዎን የሚስተካከል ቴስተር ሌላ አገር የለም፤ ግን ስንቶቻችን እንጠቀምበታለን?

ሌላው ነገር፣ አንድ ቦታ በተነካ ቁጥር ትናንት ይሠራ የነበረውን ሁሉ እንደገና መፈተሽ ነው። በመጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በአንድ ሌሊት ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ የወጣውን 801 ሚሊዮን ብር ገደማ አድርጎ ሲገልጽ፣ መነሻው የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ሲስተሙ ላይ የተደረገ ማሻሻያ መሆኑን ተናግሯል።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። በእኛ ዘንድ ጉድለት የሚናገር ሰው ምቀኛ ይባላል። ስብሰባ ላይ ሁሉም «በጣም ጥሩ ነው» ይላል፤ ሐሜቱ ቡና ላይ ይወጣል። ቴስተር እንዲህ ካደረገ ደመወዙን ሰርቋል። ጉድለቱን በጽሑፍ፣ በስሙ፣ ሰውየውን ሳይነካ ይናገር።

ሰርተፊኬትን በተመለከተ፣ አይ ኤስ ቲ ኪው ቢ የሚባለው ዓለም አቀፍ የቴስተሮች ማረጋገጫ የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና 40 ጥያቄ ነው፤ 26 የመለሰ ያልፋል፤ ቢወስዱት አይጎዳም። ፍተሻውን በኮድ የሚያስኬዱት መሣሪያዎች፣ ሴሌኒየምና ፕሌይራይት፣ በእጅ መፈተሽ ከቻሉ በኋላ ይደርሳሉ።

ሬዙሜዎ ላይ እውነተኛ ሥራዎን ይጻፉ፤ ፓርኪንግም ቢሆን። ከደብተርዎ የመረጧቸውን አሥር ሪፖርቶች ከሥሩ ያያይዙ። ጠያቂው ስለ አንዱ ሲያነሳ የሸመደዱት መልስ አያስፈልግዎትም፤ ጉድለቱን ያገኙት እርስዎ ነዎት። የመጀመሪያውን ሪፖርት ዛሬ ማታ ይጻፉ።