ትምህርት 7፦ ጠየቀ፣ ለመነ፣ ተማፀነ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የትምህርቱ ዓላማ፦ ተማሪዎች ይህን ትምህርት ሲጨርሱ
ሀ. በእንግሊዝኛ ለጥያቄና ለልመና የሚነገሩትን ቃላት ሲተረጉሙ የሚስማማውን ቃል ይመርጣሉ፤
ለ. በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጠው ለሚለምኑ ወገኖች አክብሮት ይሰጣሉ።

መግቢያ

ውድ ልጆች! ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ የሚገኙ፣ አዲስ አበባን የከበቡ ከተሞች ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። በእነዚህ ከተሞች የምናድግ ልጆች ብዙ ቋንቋ እንሰማለን። በቤትና በገበያ አማርኛና ኦሮምኛ፣ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ፣ በቤተ መቅደስ ግእዝ እንሰማለን። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ሆኖም ቃልን ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ስንመልስ መጠንቀቅ ይገባናል። ዛሬ የምንማረው ስለ ልመና ቃላት ነው።

1. «አስክ» የሚለው ቃል

በእንግሊዝኛ «አስክ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። ልጅ መምህሩን ያልገባውን ነገር ቢጠይቅ «አስክ» ይባላል፤ አባቱን ዳቦ ቢለምንም «አስክ» ይባላል። በአማርኛ ግን ለመጀመሪያው «ጠየቀ»፣ ለሁለተኛው «ለመነ» እንላለን። በኦሮምኛም «ጋፈቹ» መጠየቅ ሲሆን «ከዸቹ» መለመን ነው። («ዸ» በኦሮምኛ የምንሰማውን ጠበቅ ያለ ድምፅ ለመጻፍ የተዘጋጀ ፊደል ነው። ኦሮምኛን በግእዝ ፊደል መጻፍ አዲስ ነገር አይደለም። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበትና በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም በግእዝ ፊደል የተጻፈ ነበር።)

ጌታችን በተራራው ስብከቱ ስለ ልመና ባስተማረበት ቦታ (ማቴ. 7፥7-11) የእንግሊዝኛው መጽሐፍ «አስክ» ይላል። አንድ ተማሪ ይህን «ጠየቀ» ብሎ ቢተረጉመው ነገሩ የፈተና ጥያቄ ይመስላል። ዝቅ ብለን ብናነብ ግን ዳቦና ዓሣ ስለሚለምን ልጅ እንደሚናገር እናያለን። ስለዚህ በአማርኛ «ለመነ» ተባለ። እንግዲህ ቃሉን ከመተርጎማችን በፊት ከላይና ከታች ያለውን እናንብብ።

በግእዝ «ሰአለ» ለሁለቱም፣ ለመጠየቅም ለመለመንም ይሆናል። እመቤታችንን «ሰአሊ ለነ» ስንላት «ለምኝልን» ማለታችን ነው። «ስእለት» የሚለው ቃልም የወጣው ከዚሁ ነው። በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ እንደሚጻፍ አስተውሉ። በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ «ሠዐለ» ብለን ከጻፍነው ግን ሥዕል አወጣ ማለት ይሆናል።

2. «ፕሊድ» የሚለው ቃል

«ፕሊድ» መጀመሪያ የፍርድ ቤት ቃል ነው። ስለ ተከሳሽና ስለ ጠበቃ ሲነገር «መልስ ሰጠ» ወይም «ተከራከረ» ብለን እንመልሰዋለን። የጨነቀው ሰው «እባካችሁ አድኑኝ» ሲል ግን «ተማፀነ» እንላለን።

«ተማፀነ» በግእዝ «ተማሕፀነ» ነው። «ሕፃን» እና «ማሕፀን» ከሚሉት ቃላት ጋር ሥሩ አንድ ነው። ውሻ ያስደነገጠው ሕፃን ሮጦ ከእናቱ ቀሚስ ሥር ይገባል፤ የሚናገረውም ነገር ላይኖረው ይችላል። ተማፅኖ እንዲህ ያለ መጠጊያ መፈለግ ነው።

3. «ፕሊዝ» የሚለው ቃል

እንግሊዞች ለሁሉም «ፕሊዝ» ይላሉ፤ ኦሮምኛም ለሁሉም «ማሎ» ይላል። አማርኛ ግን እንደ ሰዉ ይለያያል፦ ለወንድ ጓደኛ «እባክህ»፣ ለሴት ጓደኛ «እባክሽ»፣ ለታላቅ «እባክዎ»፣ ለብዙዎች «እባካችሁ»። ካህኑን «እባክዎ አባ» እያልን እግዚአብሔርን ግን «እባክህ አምላኬ» እንለዋለን። ይህ ድፍረት አይደለም። የጸሎታችን ምንጭ የሆነው ግእዝ እንደ «እርስዎ» ያለ የአክብሮት መጠሪያ የለውም፤ እኛም እግዚአብሔርን የምንጠራው ልጅ አባቱን በሚጠራበት ቅርበት ነው።

4. ለማኝ ማን ነው?

በእንግሊዝኛ በመንገድ ዳር ሳንቲም የሚለምን ሰው ሥራው «ቤግ» ይባላል፤ እግዚአብሔርን የሚለምን ሰው ሥራ ደግሞ «ፕሬይ» ይባላል። ሁለቱ ቃላት በድምፅም በሥርም አይገናኙም። በእኛ ቋንቋዎች ግን ይገናኛሉ። በአማርኛ ደጅ ላይ የተቀመጠው «ይለምናል»፤ ቤተ መቅደስ ውስጥ የቆመውም እግዚአብሔርን «ይለምናል»። በኦሮምኛም «ከዻ» የምጽዋት ልመና ሲሆን «ከዸና» ጸሎት ነው፤ ሁለቱም የወጡት ከ«ከዸቹ» ነው።

እንግዲህ ልጆች፣ ቋንቋችን አንድ ነገር ያስተምረናል። በእሑድ ጠዋት ነጠላችንን ለብሰን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ በሩ ላይ እጃቸውን የዘረጉ ሰዎችን እናልፋለን። ከዚያ ውስጥ ገብተን እኛም እጃችንን እንዘረጋለን። እነርሱ ከእኛ ይለምናሉ፤ እኛም ከእግዚአብሔር እንለምናለን። ስለዚህ ማንንም «ለማኝ!» ብሎ መሳደብ ራስን መሳደብ ነው። አባቶቻችን ይህን ዐውቀው ምጽዋት የሚለምነውን ሰው «የኔ ቢጤ» ብለውታል። ትርጉሙም «እንደ እኔ ያለ፣ የእኔ አምሳያ» ማለት ነው።

የቆሎ ተማሪንም አስቡ። ሱሉልታን አልፎ የሚሄደው መንገድ የሚያደርሰን ጎጃም በቅኔ ቤቶቹ የታወቀ ነው። ተማሪው ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይለምናል። ያችን ቁራሽ እየበላ የተማረው ነገ መምህርና ካህን ሆኖ ሕዝቡን ይባርካል። ቁራሹን ነፍጎ ውሻ የለቀቀበት ሰው ማንን እንዳባረረ አያውቅም።

5. የበርጤሜዎስ ልመና

ማር. 10፥46-52 አንብቡ። ዓይነ ስውሩ በርጤሜዎስ በኢያሪኮ መንገድ ዳር ተቀምጦ ምጽዋት ይለምን ነበር። ጌታችን ሲያልፍ ሰምቶ እንዲምረው ጮኸ። ብዙዎች ዝም እንዲል ገሠጹት፤ እርሱ ግን አብዝቶ ጮኸ። ጌታም አስጠራውና ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ ጠየቀው። እርሱም ዓይኑ እንዲበራ ለመነ።

በዚህ ታሪክ ሰውዬው ሁለት ጊዜ ሲለምን እናያለን። መጀመሪያ ከመንገደኞች ገንዘብ ለመነ፤ ቀጥሎ ከጌታ ብርሃን ለመነ። ሰዎቹ ልመናውን እንደ ጩኸት ቈጠሩት፤ ጌታ ግን እንደ ጸሎት ተቀበለው። እኛም በእግዚኦታ «ማረን» የምንለው ይህ የመንገድ ዳር ሰው በጮኸበት ቃል ነው።

በዚያ ዘመን ለዓይነ ስውር ከልመና ሌላ ብዙ መተዳደሪያ አልነበረም። ዛሬ በሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ዓይነ ስውራን ልጆች በብሬል እየዳሰሱ ይማራሉ። ዓይነ ስውርን ባየን ጊዜ ለማኝ ነው ብለን አንገምት፤ የሚለምነውንም አንናቅ።

ማጠቃለያ

ቅዱስ ጳውሎስ ልመናን፣ ጸሎትን፣ ምልጃንና ምስጋናን ለይቶ ጠርቷል (1ኛ ጢሞ. 2፥1)። እኛም ቃላቱን ለይተን እንወቅ። ከሁሉ በላይ ግን የሚለምነን ሰው በእግዚአብሔር ፊት የእኛ ቢጤ መሆኑን አንርሳ። ሳንቲም ከሌለን «እግዜር ይስጥልኝ» ብለን በትሕትና እንለፍ።

መልመጃ

1. «አስክ» መቼ «ጠየቀ»፣ መቼ «ለመነ» ተብሎ ይተረጎማል? ለእያንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።
2. «ሰአለ» እና «ሠዐለ» በምን ይለያያሉ?
3. «ተማፀነ» እና «ሕፃን» ምን ያገናኛቸዋል?
4. እንግሊዛዊ ያልሰማውን ነገር ለማስደገም «አይ ቤግ ዩር ፓርደን» ይላል። እናንተ በቤታችሁ ቋንቋ ምን ትላላችሁ? ቃል በቃል ቢተረጎም ያስኬዳል?
5. በመጪው እሑድ በቤተ ክርስቲያናችሁ ደጅ ከሚቀመጡት ለአንዱ ሰላምታ ስጡ፤ ስሙንም ጠይቁ። በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ በጸሎታችን ስሙን እንጠራለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።