ምንባብና ሰዋስው፦ የጃፓን ሴት ሠዓሊዎች

የሚከተለውን ምንባብ በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ፥ ቀጥሎም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። በጃፓን ልማድ የቤተ ሰብ ስም ከግል ስም እንደሚቀድምም አስተውሉ።

በቀድሞዪቱ ጃፓን ሥዕል እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሙያ ነበር። ታላላቅ የሠዓሊ ቤቶች የቀለም አዘገጃጀቱንና የቡሩሽ አያያዙን ስልት ለወንዶች ልጆቻቸውና ለደቀ መዛሙርታቸው ያስተምሩ ነበር። ስለዚህ አንዲት ሴት ሠዓሊ ለመሆን ብትመኝ፥ ብዙውን ጊዜ ከሠዓሊ ቤት መወለድ ወይም ለሠዓሊ መዳር ነበረባት። በ17ኛው መቶ ዓመት የኖረችው ኪዮሃራ ዩኪኖቡ የሠዓሊ ልጅ ነበረች። በዘመኑ ስመ ጥር በነበረው በካኖ ቤት ስልት እየሣለች፥ ከስሟ ጋር «የኪዮሃራ ወገን ሴት» ብላ ትፈርም ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ካትሱሺካ ኦይን ሥዕል ያስተማራት አባቷ ሆኩሳይ ነው። የአባቷ ዝና ዓለምን ሲያዳርስ፥ በእርጅናው በሥራ ትረዳው የነበረችው የኦይ ሥዕሎች ተብለው በእርግጥ የሚታወቁት ግን ጥቂት ናቸው።

ኡኤሙራ ሾኤን ይህ ዕድል አልነበራትም። በ1875 በኪዮቶ ከተማ ስትወለድ አባቷ አስቀድሞ ሞቶ ነበር። እናቷ የሻይ ቅጠል እየሸጠች ሁለት ሴቶች ልጆቿን አሳደገች። ሾኤን 12 ዓመት ሲሆናት እናቷ የዘመድ ነቀፋ ሳይበግራት በኪዮቶ የሥዕል ትምህርት ቤት አስገባቻት። በ1890፥ ገና በ15 ዓመቷ፥ የአራቱን ወቅቶች ቈነጃጅት የሚያሳየው ሥዕሏ በቶኪዮ አገር አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ቀረበ፤ የእንግሊዝ ንግሥት የቪክቶሪያ ልጅ ልዑል አርተርም ገዛው።

ዝናዋ በጨመረ ቍጥር ምቀኛም በዛባት። በ1904 በኪዮቶ ኤግዚቢሽን ላይ የቀረበ የአንድ ሥዕሏ ፊት በእርሳስ ተሞነጫጨረ። እንድታስተካክለው ብትጠየቅም፥ «እንዳለ ይቈይ» ብላ እንቢ አለች። በ1936 የሣለችው «ጆ ኖ ማይ» የተባለው ሥዕል፥ አንዲት ወጣት ማራገቢያ ዘርግታ በእርጋታና በክብር ስትጨፍር ያሳያል።

ይሁን እንጂ በቶኪዮ የነበረው የመንግሥት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሴቶችን አይቀበልም ነበር። የሴቶች የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በግል ጥረት በ1900 ቢመሠረትም፥ መንግሥት በሩን የከፈተላቸው በ1946 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1948፥ ሾኤን የባህል ኒሻን በመቀበል ከሴቶች የመጀመሪያዪቱ ሆነች። በ1949 ዐረፈች።

የሰዋስው ማስታወሻ

«ሴቶች እንዳይማሩ ተከለከሉ» በሚለው ዐረፍተ ነገር ግሡ ተደራጊ ነው፤ ከልካዩ ማን እንደ ሆነ አይገልጥም። «ትምህርት ቤቱ ሴቶችን ከለከለ» ስንል ግን ግሡ አድራጊ ስለ ሆነ፥ ለድርጊቱ ኀላፊው ማን እንደ ሆነ ይታወቃል። «ሥዕሉ ተሞነጫጨረ» የሚለው አነጋገር ትክክል ነው፤ አድራጊው አልታወቀምና። አድራጊውን እያወቃችሁ በተደራጊ ግሥ ብትሰውሩት ግን ታሪኩን ታጐድላላችሁ። የሰው ሕይወት ታሪክ ስትጽፉ ማን እንደ ከለከለ፥ ማንም በሩን እንደ ከፈተ በግልጥ ተናገሩ።

መልመጃ

1. ዩኪኖቡና ኦይ ሥዕል ለመማር የቻሉት በምን ምክንያት ነው? የሾኤን ዕድል ከእነርሱ የሚለየውስ በምንድን ነው?

2. ሾኤን የተበላሸውን ሥዕል ለማስተካከል እንቢ ያለችው ለምን ይመስላችኋል? አሳባችሁን በምክንያት ደግፉ።

3. ከምንባቡ ሦስት አድራጊና ሦስት ተደራጊ ግሦችን አውጥታችሁ የእያንዳንዱን ባለቤት ጻፉ።

4. በምታውቁት ሙያ የተመሰገነች አንዲት ሴት መርጣችሁ፥ ማን እንዳስተማራትና ምን እንቅፋት እንደ ገጠማት የሚገልጥ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።