የላይኛው ውሃ፣ የታችኛው ሐቅ
ከቦርከና እስከ አቤ ሐይቅ



በዚህ ጽሑፍ ላነሳው የፈለግሁት የአንድ ወንዝና የአንድ ሐይቅ ጉዳይ ነው። አንዳንድ ወንድሞች «ይህ የውሃ መሥሪያ ቤት ጉዳይ እንጂ የዲን ጉዳይ አይደለም» ይሉ ይሆናል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የፊቅህ ኪታቦቻችን ገና ሲከፈቱ የምናገኘው ስለ ውሃ ነው፤ የትኛው ንጹሕ እንደሆነ፣ የትኛው እንደተበላሸ ሳንማር ወደ ሰላት አንሻገርም። በሱረቱ አር-ሩም 41ኛው አንቀጽም በየብስና በባሕር የሚታየው ፈሳድ ከሰው ልጅ የእጅ ሥራ ጋር እንደተያያዘ ተነግሮናል።

ቦርከና ከደሴ አካባቢ ተራሮች ተነስቶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ጨፋ ሸለቆ ይወርዳል። ጨፋ በኦሮምኛ ለምለም ረግረጋማ መስክ ማለት ነው። ሸለቆው የሚገኘው ከሚሴ ዋና ከተማው በሆነችው በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነው። ውሃው ከዚያ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ወደ ውቅያኖስ አይደርስም፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ያበቃል። አፋሮች «አቤ ባድ» ይሉታል፤ «ባድ» በቋንቋቸው ባሕር ማለት ነው። ይህ ባሕር መውጫ የለውም። የደረሰለትን ውሃ ፀሐይ ትወስድበታለች፤ ከውሃው ጋር የመጣው ቆሻሻ ግን ከእርሱ ዘንድ ይቀራል።

ጨፋ ለሕዝቡ ምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ አኃዝ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2002 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በኢትዮጵያ ያለው የአስቸኳይ ጊዜ ክፍል ባወጣው ዘገባ፣ ሸለቆው በድርቁ ወቅት ለ50,000 አርብቶ አደሮችና ለ200,000 እንስሳት መሸሸጊያ ሆኖ ነበር። ከአፋር ቆላ ግመሉንና ከብቱን እየነዳ የሚመጣው አርብቶ አደር፣ የአካባቢው ኦሮሞና አርጎባ፣ በበጋ የሚገናኙት በዚህ መስክ ነው። ጨፋ ከደረቀ ወይም ከተመረዘ የሚቀረው በቀረችው ውሃና ሣር ላይ ጠብ ነው። የዚያ ጠብ ዋጋ ደም መሆኑን ወሎዬም አፋርም ያውቀዋል።

ጉዳቱ ከሁለት በኩል ይመጣል። አንደኛው ብክለት ነው። በኮምቦልቻ ከቆዳ፣ ከጨርቃ ጨርቅ፣ ከቢራና ከብረታ ብረት ፋብሪካዎች የሚወጣ ፍሳሽ በለዮሌና በወርቃ ጅረቶች በኩል ቦርከና እንደሚገባና ከባድ ብረቶችን እንደሚያደርስ በጥናት ተረጋግጧል። የከተማ ነዋሪው የሚጥለው ቆሻሻም ይጨመርበታል። ሁለተኛው ረግረጉ እየተጠነፈፈ፣ ወንዙም እየተጠለፈ ለእርሻ መዋሉ ነው። አዋሽ በየመስኖው እየተቀነሰ ስለሚወርድ አቤ ሐይቅ ካለፈው ምእተ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ብዙ ሸሽቷል።

እንግዲህ ሸሪዓችን ስለ ላይኛውና ስለ ታችኛው ምን ይላል? በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው፣ ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ.) እና አንድ የአንሷር ሰው በሐራ በሚገኝ የመስኖ ቦይ ተካሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጡ። ዙበይር ከላይ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመጀመሪያ ዙበይር እንዲያጠጣና ከዚያም ውሃውን ለጎረቤቱ እንዲለቅ አዘዙት። በሌላ ዘገባ ደግሞ ላይኛው ውሃውን እስከ ቁርጭምጭሚት ይዞ ወደ ታች እንዲለቅ ተፈርዷል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ላይኛው መብት አለው፤ መብቱ ግን ልክ አለው። የታችኛው ድርሻም የላይኛው ቸርነት ሳይሆን ሐቅ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ላክል። ውሃውን መርዞ የለቀቀ ሰው ለቀቀ ይባላልን? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በማይፈስ ውሃ ውስጥ መሽናትን ከልክለዋል። ሽንት እንዲህ ከተከለከለ፣ መውጫ ወደሌለው ሐይቅ የቆዳ ፋብሪካ ኬሚካል መልቀቅ እንዴት ይታያል? ብይኑን ለዑለሞቻችን እተዋለሁ፤ የጉዳቱ መጠን ግን የሚወዳደር አይመስለኝም።

«ፋብሪካው ለስንቱ ወጣት እንጀራ ነው፤ ይዘጋ ነው ወይ የምትለን?» የሚል ይኖራል። አይዘጋ። ዙበይርም አታጠጣ አልተባለም። የሚጠየቀው ፍሳሹ ሳይጣራ እንዳይለቀቅ ነው። የማጣሪያው ወጪ ከትርፉ ላይ ካልተከፈለ፣ የከሚሴ ገበሬ በሰብሉ፣ የአፋር እረኛ በከብቱ ይከፍለዋል። ያ ደግሞ ሳይስማሙ የሰው ገንዘብ መብላት ነው።

ከሌላው ዓለም ሁለት ባሕሮችን ላንሳ። አራል ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አሙ ዳሪያና ሲር ዳሪያ የተባሉት ወንዞች ለጥጥ እርሻ ስለተጠለፉበት አብዛኛው ክፍሉ ደርቋል። የዓሣ ጀልባዎች በአሸዋ ላይ ቀሩ፤ ሕዝቡም ጨው የተቀላቀለበት አቧራ ይተነፍስ ጀመር። በሰሜን በኩል ግን ካዛኪስታን በዓለም ባንክ ድጋፍ የኮክ አራል ግድብን በ2005 ከጨረሰች በኋላ ውሃውም ዓሣውም በከፊል ተመልሷል። የተበላሸው ሁሉ የማይመለስ አይደለም ማለት ነው።

ካስፒያን ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። ኢራን፣ አዘርባጃን፣ ካዛኪስታን፣ ቱርክሜኒስታንና ሩሲያ ባሕሩን እንዴት እንደሚካፈሉ ለዓመታት ሲከራከሩ ኖረዋል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2003 ቴህራን ላይ የባሕሩን አካባቢ ለመጠበቅ ስምምነት ፈረሙ፤ በ2006ም ሥራ ላይ ዋለ። ስለ ባሕሩ ሕጋዊ አቋም የተስማሙት ከዚያ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2018 አክታው ላይ ነው። በእርግጥ ካስፒያን ዛሬም ውሃው እየቀነሰ ነው፤ ወረቀት ብቻውን ባሕር አያድንም። ቁም ነገሩ ግን ድንበሩ እስኪለይ ድረስ ባሕሩን ለመጠበቅ መስማማትን አለማዘግየታቸው ነው።

እኛስ? የአፋር፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና የደቡብ ወሎ አስተዳደሮች የግጦሽና የወሰን ክርክራቸው እስኪያልቅ መጠበቅ የለባቸውም። የውሃው ንጽሕናና የረግረጉ ወሰን ዛሬ ሊስማሙበት የሚችሉት ነው። ኢትዮጵያና ጅቡቲም በአቤ ሐይቅ ላይ እንዲሁ።

ከእያንዳንዳችን ደግሞ የሚከተለው ይጠበቃል። የደሴና የኮምቦልቻ ወንድሞችና እህቶች፣ ወደ ጅረት የምትጥሉት ነገር በታች ላለ ሙስሊም ዉዱእ እንደሚደርስ አትርሱ። ኢማሞቻችን በጁሙዐ ኹጥባ ስለ ውሃ ሐቅ ያስተምሩ። ነጋዴዎቻችን በፋብሪካ ድርሻ ሲገዙ ከትርፉ በፊት ስለ ፍሳሹ ይጠይቁ። ሕግም አለን፤ በ1995 ዓ.ል. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ማንም ሰው፣ ጉዳቱ በግሌ ደርሶብኛል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ፈቅዷል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘም ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ይህን መብት ይዘን ዝም ካልን፣ «ማን ሰማን» ብለን ማማረር አይገባንም።

የውሃው ባለቤት አላህ (ሱ.ወ.) ነው፤ እኛ ባለ አማና ነን። ከላይ ያለ ሁሉ ነገ ስለታችኛው ጎረቤቱ ይጠየቃል። አላህ አማናውን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።