የነጥብ ካርድ፦ ጤና ጣቢያችሁን እንዴት ትመዝኑታላችሁ?



መርሳ ገበያ በሬ ስትገዙ ጥርሱን ሳታዩ፣ ትከሻውን ሳትዳብሱ ብር አታወጡም። ማሽላ ስትሸምቱም ዓይናችሁ ከቁናው አይነቀልም፤ ሻጩ አጉድሎ ከሰፈረ ዝም አትሉትም። ጤና ጣቢያ ስትሄዱስ? «መድኃኒት የለም» ስትባሉ «እንግዲህ ምን ይደረግ» ብላችሁ ትመለሳላችሁ። ማታ ቤታችሁ ታማላችሁ፣ በማግስቱ ይረሳል። የዛሬው ትምህርታችን ያንን ሐሜት ወደ ቁጥር ስለ መለወጥ ነው።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? የወሎን ታሪክ እንመልከት። በ1965 ዓ.ም. ረሃብ ሲገባ የተራበው ገበሬ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው ጎዳና ዳር ወጥቶ መኪና ያስቆም ነበር። የጊዜው መንግሥት ወሬውን አፈነው። ነገሩ በዓለም የተሰማው በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያነሣው ፊልም ከታየ በኋላ ነው። እስከዚያ ስንት ሰው አልቋል! በ1977 ዓ.ም. ወሎ እንደገና ተራበ። ጥፋቱን ሁሉ በዝናብ ማመካኘት አይቻልም። ከታች የሚጮኸውን ከላይ የሚሰማው አልነበረም፤ ገበሬውም ችግሩን ጽፎ አስቀምጦ «መልሱስ?» የሚልበት መንገድ አልነበረውም።

የነጥብ ካርድ አንዱ እንዲህ ያለ መንገድ ነው። ኬር የተባለ የእርዳታ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 በማላዊ፣ እንደኛው የገበሬ አገር፣ በጤና ሥራ ጀመረው። በአገራችን ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለውሃና ለእርሻ የሚሰጠው የወረዳ በጀት በለጋሾች እርዳታ ሲደገፍ «ማኅበራዊ ተጠያቂነት» የሚባል ሥራ አብሮ መጣ። ተጠያቂነት ማለት ሥራ የተሰጠው ሰው «ምን አደረስከው?» ሲባል የመመለስ ግዴታ ነው። ቃሉ አዲስ ይምሰል እንጂ ነገሩን ታውቁታላችሁ። መስኖ የምታጠጡ ሰዎች የውሃ አባት ትመርጡ የለም? ተራ ካዛባ ዝም ትሉታላችሁ?

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቀበሌው ሰው በቡድን በቡድን ይቀመጣል፤ እናቶች ለብቻ፣ አባወራዎች ለብቻ፣ ወጣቶች ለብቻ። እያንዳንዱ ቡድን የሚመዝነውን ነገር ራሱ ይመርጣል፤ መድኃኒት መኖሩን፣ ወረፋውን፣ የባለሙያውን አክብሮት። ከዚያ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። 1 በጣም መጥፎ፣ 5 በጣም ጥሩ ነው። ፊደል ያልቆጠሩ ጎረቤቶቻችሁ በጠጠር ይቆጥራሉ፤ ማንበብና መጻፍ የተማራችሁት እናንተ ትመዘግባላችሁ። ከነጥቡ አጠገብ ምክንያቱን መጻፍ አትርሱ፤ ምክንያት የሌለው ነጥብ ስድብ ነው የሚመስለው።

ለምሳሌ 5 እናቶች ወላድ በአክብሮት ስለ መስተናገዷ 2፣ 1፣ 3፣ 2፣ 2 ሰጡ እንበል። ድምሩ 10፣ ለ5 ሲካፈል 2 ነው። የወንዶቹ ቡድን ደግሞ 4 ሰጠ። እዚህ ላይ ልብ በሉ! ሁለቱን ቀላቅላችሁ «3 ነው፣ ደህና ነው» ብትሉ የማንንም እውነት አልጻፋችሁም። ወንዱ ከበር ውጭ ነው የቆየው፤ የምትወልደዋ ናት የምታውቀው። ሴቶች ለብቻ የሚቀመጡትም ለዚሁ ነው። ባልና አማት ባሉበት የምትናገር ስንቷ ናት?

ባለሙያዎቹም በበኩላቸው ለራሳቸው ሥራ ነጥብ ይሰጣሉ። ይህ ለይስሙላ አይደለም። ነርሷ «መድኃኒቱን ጠይቄያለሁ፣ ከወረዳ አልመጣም» ካለች በእሷ ላይ የተነሣው ቁጣ ትክክለኛ ቦታው ይሄዳል። ቀጥሎ ተጠቃሚው፣ ባለሙያውና የወረዳው ሹም ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ነጥቡ ይነበባል፤ ምን ይሠራ፣ ማን ይሥራው፣ እስከ መቼ የሚለው በቃለ ጉባኤ ይጻፋል። ቀንና ስም ከሌለው ስብሰባው ቡና መጠጫ ነው የሆነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ነጥቡ እንደገና ይሰጣል፤ ያን ጊዜ ማን ቃሉን እንደጠበቀ ይታያል።

በሀብሩና በወልድያ ይህ ነገር ብርቱ ጉዳይ ነው። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢያችሁ ደርሶ እስከ 2014 ዓ.ም. ሲቆይ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። እንዲህ ከተጎዳ በኋላ ሁሉ ነገር ባንድ ጊዜ አይሟላም። ታዲያ የቱ ይቅደም? የማዋለጃው አልጋ ነው ወይስ የግቢው አጥር? ይህን የሚወስነው ቢሮ የተቀመጠ ሰው ብቻ ከሆነ አጥሩ ሊቀድም ይችላል።

ሥራው ሲከፋፈል ግን ተጠንቀቁ። ክረምት የበጣጠሰውን የጤና ጣቢያ መንገድ በደቦ ልታቃኑት ትችላላችሁ። እስላሙም ክርስቲያኑም ያለበት ቅሬ አላችሁ፤ ሰው ማስተባበር ያውቅበታል። መድኃኒት መግዛትና ለነርስ ደመወዝ መክፈል ግን የመንግሥት ድርሻ ነው። «ሕዝቡ ይሳተፍ» እየተባለ የወረዳው ሸክም ሁሉ ወደ ገበሬው ትከሻ እንዳይዞር! የወረዳው በጀት በሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ቆማችሁ አንብቡት። ካልተለጠፈ እንዲለጠፍ ጠይቁ።

«ገበሬ ገንዘብ አይዝም» የሚሉም አሉ። በዚሁ በአማራ ክልል፣ በፊንላንድ እርዳታ በተካሄደው የገጠር ውሃ ሥራ፣ ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ገንዘቡ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ለራሱ ለመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ይሰጥ ነበር። ኮሚቴው ሲሚንቶ ገዛ፣ ግንበኛ ቀጠረ፣ ሒሳብ ያዘ፤ ጉድጓዱም ተቆፈረ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ዘዴው ወደ ሌሎች ክልሎችም ተስፋፍቷል።

መልመጃ። ለአንድ ቦኖ ውሃ 6 እናቶች 1፣ 2፣ 1፣ 3፣ 2፣ 3 ሰጡ። 6 አባወራዎች 4፣ 3፣ 4፣ 5፣ 4፣ 4 ሰጡ። የእያንዳንዱን ቡድን ድምር ፈልጉ፤ ለ6 አካፍሉ። ልዩነቱ ከምን የመጣ ይመስላችኋል? በመንደራችሁ ውሃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ አስቡና መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።